የአባ ገልገሎ ጥምጥም ያልገባባት መኪና

ነገሌ ቦረና ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ወሬዬን ግማሹን ቀንሶ ነው የሚሰማኝ። ባለቤቴማ ከግማሽም በላይ ትቀንሳለች። እናንተ ግን ከዚህኛው ላይ ምንም እንዳትቀንሱ፤ ሊታመን እንዲችል እኔው አስቀድሜ ቀንሼ ነው ያመጣሁላችሁ።

በያጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ በወታደርነት መጥቶ ጦር ሰፈሩ አጠገብ የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ጸጉሬ ሸብቶ፣ በርና መስኮት፣ አጥርና አልጋ እየበየድኩ እኖራለሁ። እኔ የሠራሁት አልጋ ላይ የተኛ ሰው መነሳት አይሆንለትም፤ ከምቾቱ የተነሳ። ጠላቶቼ ሌላ ምክንያት ያወራሉ። ያን ጊዜ ታዲያ አንድ አመል ነበረኝ፤ የጀመርኩትን ሥራ ለማንም አላሳይም። ሌላ በያጅ ግቢዬ ብቅ ካለ ሸራ እጥልበታለሁ። "ሙያ በልብ ነው" እላለሁ። ልቤ ውስጥ ስንት ሙያ እንዳለ የሚያውቅ ግን ከእኔ በቀር አልነበረም።

ጎረቤቴ አባ ገልገሎ ይባላሉ። የግመል ወተት ከምትነግደው ልጃቸው ከቃባሌ ጋር ይኖራሉ። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ደግሞ አማርኛ አስተማርኳቸው፤ እስከ ዛሬ አንዳችን ስንናገር ሌላችን እንስቃለን። ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሲድን ቀኝ እግራቸው እንደ አጠና ቀጥ ብሎ ቀረ። ሲቀመጡ ከፊታቸው ይዘረጋል። ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ እግራቸውን እንደ ደፍ ተሻግሮ ነው የሚገባው።

ዱብሉቅ አጠገብ የአባቶቻቸው የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ኤላ ይሉታል። መጀመሪያ የቆፈረው የእሳቸው ቅድመ አያት ስለሆነ፣ በዘር የጉድጓዱ አባት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ጎልማሳ ሳሉ ግን ተደርምሶ፣ ደለል ሞልቶት ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ነበራቸው፦ "ውሃው ሲወጣ ሳላይ አልሞትም።"

እኔም "እንግዲያው አባ፣ እባክዎ እንዳይቆፈር፤ ዝም ብለን እንኑር" እያልኩ አስቃቸው ነበር።

ያ ክፉ ድርቅ ሲያልፍ ዘመዶቻቸው ተሰብስበው መቆፈር ጀመሩ። "የመጀመሪያውን ውሃ እርስዎ ሳይመርቁ አንቀዳም" ብለው ላኩባቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ቀጥለው የተዘረጋ እግራቸውን አዩ። ከነገሌ ዱብሉቅ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ፣ በዋጪሌ ዞሮ፣ ያንን ሁሉ ኮረኮንች ማን ያስኬዳቸዋል? ሚኒባስ ሞከርን፤ እግራቸው በመስኮት ወጣ። የጭነት መኪና ጋቢና ሞከርን፤ እግራቸው ማርሹ ላይ አረፈ፤ ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር አባ ገልገሎን ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ቃባሌ ፒክአፕ ላይ ፍራሽ እናንጥፍ ስትል ተቆጡ።

"ተኝቶ የሚመጣ ሬሳ ነው። እኔ ተቀምጬ፣ በትሬን አቁሜ ነው የምገባው።"

"እንግዲያው እኔ እሠራልዎታለሁ" አልኩ።

"ምን ትሠራለህ፣ ኢልማ ኮ?" ልጄ ማለታቸው ነው።

"መኪና።"

ቃባሌ የወተት ጀሪካኗን አስቀመጠችና አየችኝ። "አቦ ተወን! መጀመሪያ አምና ያዘዝኩህን የኩሽና በር ጨርስ!"

እውነቷን ነው። በሩ ዛሬም አላለቀም።

ስልኬ ላይ "ራሳችን እንሥራው" የሚባል ግሩፕ ነበር። በየከተማው ያሉ መካኒኮች፣ ሾፌሮች፣ ተማሪዎች፣ ንድፍ የሚችሉና የሚችሉ የሚመስላቸው ተሰብስበው ሲከራከሩ የሚውሉበት ነው። ማንም በስሙ አይታወቅም። ብሎን የሚባል ቀልደኛ አለ። ዝገት የሚባል ኮምፒውተር ላይ የሚስል አለ። ሁሉም የሚፈራት ደግሞ እማማ ክላች አለች። ፎቶ ለጥፋ አታውቅም፤ ድምፅ ልካ አታውቅም፤ አንድ መስመር ጽፋ ትጠፋለች። እኔ በልቤ ክንዷ እንደ ጭነት መኪና አክስል የወፈረ የጋራዥ ባለቤት አድርጌ ስያት ነበር።

"እግራቸው የማይታጠፍ፣ መተኛት እምቢ ያሉ፣ በትራቸውን ማቆም የሚፈልጉ ሽማግሌ አሉ። መኪና ልሠራላቸው ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ብሎን የሳቅ ምልክት ላከ፣ ላከ፣ ስልኬ ሞቀ። አንዱ "ለምን ሄሊኮፕተር አትበይድም?" አለ። ቀጥሎ እማማ ክላች ጻፈች፦

"ሰውየውን ለካ።"

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም።

ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። አባ ገልገሎ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ከወገብ እስከ አናት፣ ከዳሌ እስከ ተረከዝ፣ በትራቸውን ሳይቀር ለካሁ። "የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ የምትሠራልኝ?" አሉኝ። "ለእሱማ ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር" አልኳቸው።

እንዲህ ብሎ ነው የተጀመረው። እኔ ሦስት እግር ትሁን ብዬ ነበር፤ ብረት ትቆጥባለች። ዝገት "መንገዱን ፎቶ አንስተህ አሳየን" አለኝ። አሳየሁት፤ የጭነት መኪና ጎማ የቦረቦራቸው ሁለት ቦዮች፣ መሐሉ ጉብታ። "ሦስተኛዋ እግር ጉብታው ላይ ነው የምትሄደው። ሽማግሌውን ቅቤ እስኪወጣቸው ትንጣቸዋለች" አለ። አራት እግር ሆነች፤ የጎማዎቿም ስፋት በቦዮቹ ተለካ። ሞተሩንና እግሮቹን ከአንዲት ሟች የቤት መኪና ወሰድን፤ ሰሌዳውንም ጭምር። የአባ ገልገሎ እግር የሚዘረጋበት ረጅም አፍንጫ ተሳለላት። ስታልቅ ከፊት አዞ፣ ከኋላ የጠላ ጋን የምትመስል ነገር አስቡ። እሷ ናት።

ከሁሉ የከበደኝ ሸራዬን መግፈፍ ነበር። እያንዳንዱን ብየዳ ፎቶ አንስቼ መለጠፍ ነበረብኝ። አንዱን እማማ ክላች አይታ "ይህ ብየዳ ነው ወይስ የምስጥ ኩይሳ? ቁረጠውና ድገመው" ብላ ጻፈች። በዕድሜዬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ተናድጄ ስልኩን ወረወርኩት። ደግነቱ ያረፈው እኔው በሠራሁት አልጋ ላይ ነው። ሄጄ ብየዳውን በመዶሻ ብመታው እንደ ብስኩት ተሰበረ። ቆረጥኩና ደገምኩት።

በመጨረሻም ማስጠንቀቂያ ጻፈችልኝ፦ "ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን የጣራ ብረት እንዳትነካው። አካሏን አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው።"

መኪናዋ ገና ቀለም ሳትቀባ ቃባሌ አንድ ጠዋት እየሮጠች መጣች። "ደወሉ! ውሃው ፈልቋል! ከብቱ ውሃውን አሽትቷል። ከነገ ቀትር በላይ ከብቱን ልንይዘው አንችልም ይላሉ።"

ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኝ ወጣ። የወታደር ሚስቶች፣ ባለሱቆች፣ የባጃጅ ሾፌሮች። ግማሹ ለመሸኘት፣ ግማሹ ስትፈርስ ለማየት። አባ ገልገሎ ከቤት ወጡ።

እኔም ክው ብዬ ቀረሁ።

ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። አናታቸው ላይ ደግሞ የሥርዓት ቀን ብቻ የሚጠመጠመው ሩፋ አለ፤ እንደ ደመና ክብ፣ ነጭ፣ ትልቅ ጥምጥም። እኔ የለካኋቸው እቤታቸው፣ በባዶ ራሳቸው ነበር! እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አርጅቼ፣ ሽማግሌ ለምርቃት ባዶ ራሱን እንደማይሄድ እያወቅኩ፣ ሜትር ስይዝ ረሳሁት።

ገቡ። እግራቸው አፍንጫዋ ውስጥ ልክ እንደ ጎራዴ በአፎቱ ገባ። ወገባቸው ልክ። ጥምጥማቸው ግን ጣራውን ነክቶ ወደ ዓይናቸው ወረደ።

"አባ፣ እስክንደርስ ቢያወልቁትስ?" አልኩ፤ በጣም በቀስታ።

ከጥምጥሙ ሥር ሆነው "አንተ ሱሪህን እስክንደርስ ታወልቃለህ?" አሉኝ።

ሰፈሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወንበሩን ዝቅ እንዳላደርግ ዳሌያቸው አይፈቅድም። ጣራውን እንዳልቆርጥ ያ ብረት የሚያልፈው በትክክል በአናታቸው ላይ ነው። ቃባሌ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። እንባ በዓይኗ ሞላ። "ሳያዩ ቢሞቱ አልለቅህም" አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩ። "ጥምጥሙን አልለካሁም። ነገ ቀትር መድረስ አለብን። የጣራውን ብረት መቁረጥ አለብኝ።"

ግሩፑ ተንጫጫ። አትቁረጥ የሚል፣ ጣራውን በሙሉ አንሳው የሚል፣ አቅፈህ ውሰዳቸው የሚል። ብሎን እንኳን አልቀለደም። ከዚያ እማማ ክላች መጣች።

"ክብ ወፍራም ብረት አለህ? የቁርጥራጭ ክምርህን ፎቶ አንሳ።"

አነሳሁ። ላክኩ። ፎቶው ተመልሶ መጣ፤ ክምሩ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ቀይ ክብ ተደርጎበታል። ከጭነት መኪና ቸርኬ ላይ የወጣ የብረት ቀለበት ነው፤ ለዓመታት ዶሮ ሲቆምበት የኖረ። "ብረቱን ቁረጥ፤ ቀለበቱን በመሐሉ አስገባ፤ ዙሪያውን በይደው። ሸክሙ በቀለበቱ ዙሪያ ዞሮ ያልፋል። ብየዳው ላይ ኖራ ቀባ። ከተሰነጠቀ ኖራው ላይ እንደ ጸጉር ቀጭን መስመር ታያለህ። ካየህ ቁም።"

እንደዚያ ዕለት በይጄ አላውቅም። ዝገት መስመሩን እየሳለ ይልካል፤ ሌላው "ግራውን ብዙ አታግለው" ይላል፤ አንዱ ከየት እንደሆነ የማላውቀው "አይዞህ" ብቻ እየደጋገመ ይጽፋል። ቀትር ላይ ስንጨርስ አባ ገልገሎ ገቡ፤ ቃባሌም ከኋላቸው። ጥምጥማቸው በቀለበቱ አልፎ ከጣራው በላይ ብቅ አለ፤ በትራቸውም በጎኑ። ከሩቅ ላያት መኪናዋ ራሷ ጥምጥም የጠመጠመች ትመስል ነበር።

ኬላ ላይ ፖሊሱ ዞራት፣ ዞራት፣ "ይህች ምን ሞዴል ናት?" አለ።

"ገልገሎ" አልኩት።

አባ ገልገሎ ከጣራው በላይ ሆነው "አካም፣ ናጋ?" አሉት። ፖሊሱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ወደ ዳዋ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንዳልሰማ ሆንኩ። ሁለተኛ "ቀጭ" ሲል ወንዙ ዳር አቆምኩና ጣራው ላይ ወጣሁ። ኖራው ላይ፣ ከቀለበቱ በስተግራ፣ አንዲት ጥቁር የጸጉር መስመር።

ስልኬን አየሁ። ኔትወርክ የለም። የብየዳ ማሽን የለም። ያ ሁሉ የግሩፕ ሕዝብ ጠፋ፤ እኔና የተሰነጠቀች መኪናዬ ቀረን።

"ምንድነው?" አሉ አባ ገልገሎ።

"ተሰነጠቀች፣ አባ። ከዚህ በኋላ ብሄድ ጣራዋ ይከፈታል፤ እኔም የእርስዎን ነፍስ ለዚህች ብረት አደራ አልሰጥም።"

እጃቸውን በቀለበቱ አውጥተው ስንጥቁን ዳሰሱት፤ ቀጥለው "ቃባሌ፣ ቆዳውን አምጪ" አሉ።

ለኤላው ስጦታ የያዙት የበሬ ጥሬ ቆዳ ነበር፤ ውሃ መቅጃ ባልዲ፣ ኦኮሌ፣ እንዲሰፋበት። ቃባሌ ደነገጠች። "አባ! ባዶ እጅዎን ሊገቡ?"

"ካልደረስኩ እጄ ምን ያደርግልኛል?"

ከቆዳው ዳር ረጅም ጠፍር ቀደደች። ዳዋ ውስጥ ነከረችው፤ እስኪለሰልስ አሸችው። "አጥብቀህ እሰር" አሉኝ፤ "እኔ በቃ እስክል።" ቀለበቱንና ብረቱን አንድ ላይ እየጠመጠምኩ ሳብኩ፤ ክንዴ እስኪዝል። "ኦኮሌ ሲሰፋ እንዲህ ነው። ሲደርቅ ይነክሳል" አሉ። እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብዬ እየነዳሁ ዋጪሌ ገባን፤ አደርን። ጠዋት ጠፍሩን በመዶሻ ብመታው መዶሻው ነጠረ። ይህን አልጨመርኩበትም።

ዱብሉቅ ልንገባ ስንል ኔትወርኩ መጣና የጠፍሩን ፎቶ ለጠፍኩ። ከሁሉም ቀድማ እማማ ክላች ጻፈች፦ "ይህን ማን አሰረው?"

"ተሳፋሪው አሳሰሩት" አልኩ።

"ንድፉ ላይ ይጨመር። ስማቸውም ይጻፍ።"

ኤላው ጋ ስንቃረብ ያየሁትን መናገር ይከብደኛል፤ የእኔ ቋንቋ ለማጋነን እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተሠራም። ከብት ሜዳውን ሞልቶታል። ቀይ አፈር ተቆፍሮ ተራራ ሆኗል። ሰዉ መጀመሪያ መኪናዋን አላየም፤ ከቁጥቋጦው በላይ አንድ ነጭ ጥምጥምና አንድ ቀጥ ያለ በትር ብቻ እየተንሳፈፈ ሲመጣ ነው ያየው። አባ ገልገሎ ተቀምጠው፣ በትራቸውን አቁመው፣ እንዳሉት ገቡ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆምኳት። እጃቸውን በቀለበቱ አውጥተው መረቁ፦ "ሆራ! ቡላ!" ተባዙ፣ ኑሩ ማለታቸው ነው፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው።

ከዚያ ሰዎቹ ወረዱ። ከታች ከጨለማው እስከ ላይ ድረስ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ በግድግዳው እርከንና በአጠናው ላይ ተደርድረው ቆሙ። አባ ገልገሎ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ቆመሃል? ግባ!"

"እኔ? አጠናው ይሰበራል፣ አባ!"

"ግባ ብያለሁ።"

ገባሁ። ስልኬን ለቃባሌ ሰጠኋት፤ ግሩፑ በቀጥታ እንዲያይ። መሐል ላይ አንድ እርከን ሰጡኝ። ቀና ስል ሁለት እጆች፤ ዝቅ ስል ሁለት እጆች፤ ሌላ ምንም አይታይም። ከዚያ ከታች ዘፈኑ ተነሳ። በጆሮዬ አልነበረም የሰማሁት፤ ጀርባዬን ከነካው ግድግዳ ነው የገባኝ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በዜማው ልክ ኦኮሌው ከጨለማ ወጥቶ እጄ ውስጥ ወደቀ፤ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸት። ከእጄም ወደ ላይ በረረ። ማን እንደሰጠኝ አላየሁም። የተቀበለኝንም አላየሁም።

ላይ፣ ያ የመጀመሪያ ውሃ ገንዳው ውስጥ ሲፈስ ሰማሁ። ከብቱ አገሳ። ከዚያም ከመኪናዋ በኩል፣ ከስልኬ ውስጥ፣ አንድ ድምፅ ወጣ። እልልታ! ቀጭን፣ ረጅም፣ የማያልቅ የሴት እልልታ።

ጭቃ ሆኜ ስወጣ ቃባሌ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ነበር። "ያቺ የምትፈሯት ሴትዮ ናት" አለችኝ። "ምንም አልተናገረችም። እልል ብላ ዘጋችው።"

አባ ገልገሎ ጉንጫቸው ርሷል። ከውሃው ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም። "እልል ያለችው ማን ናት?" አሉኝ።

"አላውቃትም፣ አባ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። መኪናዋን የሠሯት እነሱ ናቸው፤ መልካቸውን አይቼ አላውቅም።"

ወደ ጉድጓዱ አፍ አዩ። "ታች የቆመውን አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"ውሃው ግን ደረሰህ" አሉ።

አባ ገልገሎ ቃላቸውን አልጠበቁም። ውሃውን ካዩ በኋላም ለመሞት አልቸኮሉም። አሁን ደግሞ "የጥጃዎቹን ጥጃ ሳላይ" ይላሉ። እማማ ክላች ወደ አንድ መስመሯ ተመለሰች፤ ማንነቷን ጠይቄያት አላውቅም፤ የሣልኳትን ሴትዮም ከልቤ አጥፍቻለሁ። ሸራዬን ለቃባሌ ሰጠኋት፤ የወተት ጥላ አድርጋዋለች። ዛሬ ሥራዬን ስጀምር በሬን ከፍቼ፣ ፎቶ አንስቼ፣ "እስቲ እዩልኝ" ብዬ ነው። አንዳንዱ ይሰድበኛል። ብየዳዬ ግን አይሰበርም።

መኪናዋ ነገሌ ውስጥ አለች። እግሩ የማይታጠፍ፣ ወገቡ የታመመ ሰው ወይም ሆዷ የገፋ ሴት ስትገኝ መኪናዋ ትጠራለች። ዝናብ ሲዘንብ በቀለበቱ ይገባና ተሳፋሪዬን ያርሳል። እናንተም ነገሌ መጥታችሁ ብትሳፈሩ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ሁሉም ይጠይቀኛል፦ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ቀዳዳ ለምን አትደፍነውም?"

እኔም አንድ መልስ ነው ያለኝ። ገና ያልለካሁት ራስ ይኖራል።